በስልክ የታሰረ ኒካሕ በቪዛ መስኮት ፊት



ባል አሜሪካ፣ ሚስት ኢትዮጵያ የሆነበት ትዳር በማኅበረሰባችን ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። ሚኒሶታ ወይም ቨርጂኒያ የሚኖር ወንድም ደሴ፣ ሐረር ወይም አዲስ አበባ ያለች እህት ያገባል፤ ማመልከቻ ያስገባል፤ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆጠራሉ። በመጨረሻ ነገሩ ሁሉ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ አንድ መስኮት ፊት ይደርሳል። ፎርሙን የሞላውም ገንዘቡን የከፈለውም ባል ነው። መስኮቱ ፊት ቆማ የምትመልሰው ግን ሚስት ናት። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በዋናነት የጻፍኩት ለእህቶች ነው። ሚስቱ ውጭ ሆና እዚህ ቃለ መጠይቅ የሚጠብቅ ወንድምም የሚገጥመው ያው ነው።

ስለ ቃለ መጠይቁ በየሰፈሩ የሚነገረው ምክር አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «ጥያቄዎቹን ሸምድጂ፣ የባልሽን የጫማ ቁጥር ሳይቀር እወቂ።» ለዓመታት ያስተማረ ሰው እንደመሆኔ የሸመደደ ተማሪ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ጥያቄው በትንሹ ሲዞርበት መልሱ ይጠፋዋል። ከመሸምደድ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው ሌላ ነገር ነው። የእኛ ትዳር የሚመሠረትበት መንገድ ጠያቂው ኦፊሰር ከለመደው ይለያል። እርሱ «እውነተኛ ትዳር» ሲባል የሚጠብቀው ለረጅም ጊዜ የተዋወቁ፣ አብረው የወጡ የገቡ፣ ብዙ ፎቶ ያላቸው ጥንዶችን ነው። የእኛስ? ቤተሰብ ያጠያይቃል፣ ወሊይ ይፈቅዳል፣ ሁለቱ በቤተሰብ ፊት ወይም በስልክ ጥቂት ያወራሉ፣ ሳሎን ውስጥ ሸይኹና ሁለት ምስክሮች ባሉበት ኒካሑ ይታሰራል። ብዙ ጊዜ ሙሽራው በቦታው የለም። ፎቶውም ቢኖር የሴቶቹ ለብቻ፣ የወንዶቹ ለብቻ ነው። ይህ የተከበረ ሐላል ትዳር ነው። ወረቀት ላይ ብቻ ሲታይ ግን ለቪዛ ተብሎ የተፈጠረ ትዳር ሊመስል ይችላል። መፍትሔው ታሪካችንን እነርሱ የለመዱት እንዲመስል ማድረግ አይደለም። የሆነውን እንደሆነ ማስረዳት፣ ማስረጃውንም አስቀድሞ መሰብሰብ ነው።

በውክልና የታሰረ ኒካሕ

ከሁሉም በፊት ሊታወቅ የሚገባው፣ ብዙዎችን ሳያውቁት ዓመት የሚያስቀጣው ነገር ይህ ነው።

ሙሽራው በሌለበት በወኪል ኒካሕ ማሰር በሸሪዓ የታወቀ ነው። ከዚህም አልፎ ታሪኩ ከእኛው ምድር ጋር የተያያዘ ነው። እሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) በሐበሻ ምድር ስደተኛ ሳሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲና ዐምር ኢብን ኡመያን ልከው አጯቸው፤ ኻሊድ ኢብን ሰዒድ ስለ እርሳቸው ወኪል ሆነው ቆሙ፤ መህሩን የከፈለው ነጃሺ ነበር፤ በሲራ መጻሕፍት ዘንድ ታዋቂው መጠን 400 ዲናር ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ መዲና የተጓዙት። በሌላ በኩል ሙሽራው ወኪል ሳይሾም ራሱ በስልክ «ቀቢልቱ» የሚልበት ኒካሕ የፊቅህ ሊቃውንት የተነጋገሩበት ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1990 ጅዳ ላይ ባወጣው ውሳኔ በዘመናዊ መገናኛዎች የሚደረጉ ውሎችን ሲፈቅድ ኒካሕን ለይቶ አውጥቶታል፤ ምክንያቱ ምስክሮች የግድ ስለሚያስፈልጉ ነው። ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ ሙሽራው እዚህ ያለን ሰው በግልጽ መወከሉ ነው።

እስካሁን ያለው በዲናችን በኩል ነው። የሁለቱ አገሮች ሕግ ግን ሌላ መስፈርት አለው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን ይቀበላል፤ ሆኖም በአንቀጽ 12 ተጋቢዎቹ ራሳቸው በቦታው መገኘት እንዳለባቸው ይደነግጋል። በእንደራሴ መጋባት የሚቻለው ከባድ ምክንያት መኖሩ በፍትሕ ሚኒስቴር ሲረጋገጥ ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ ይበልጥ ጥብቅ ነው። ተጋቢዎቹ በአንድ ቦታ አብረው ሳይገኙ የተፈጸመ ጋብቻን ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት በአካል ተገናኝተው ካልቆዩ በስተቀር አይቀበልም። «ተገናኝተው» ሲል የባልና ሚስት ግንኙነትን ነው። «ከዚያ በኋላ» የሚለው ቃል ላይ አተኩሩ። ከኒካሑ በፊት ባል ለሽምግልና መጥቶ ተያይተው ከሆነ አይቆጠርም። ኒካሑ በስልክ ታስሮ ባል ሳይመጣ ማመልከቻ ከገባ የትዳሩ እውነተኛነት ምንም ያህል የማያጠራጥር ቢሆን በሕጋቸው ዘንድ «የትዳር አጋር» የሚለው ትርጉም አልተሟላም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦ ባል ይመጣል፤ ሁለቱም ባሉበት ጋብቻው በወረዳ ወይም በቀበሌ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ አብረው ይቆያሉ፤ ማመልከቻው ከዚያ በኋላ ይገባል። ኒካሑ ቀደም ብሎ በውክልና ታስሮ ቢሆንም ይህን ማድረግ ዲናዊ ችግር የለበትም። ባል የመጣበት የፓስፖርት ማኅተም፣ የአውሮፕላን መሳፈሪያ ወረቀት፣ ያረፉበት ሆቴል ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ። ባል ወደ ኢትዮጵያ መግባት የማይችል ከሆነ ዱባይ ወይም ናይሮቢ የሚገናኙ ጥንዶች አሉ፤ ያም ማስረጃው እስካለ ድረስ ይሠራል።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የጋብቻ የምስክር ወረቀት ላይ ጋብቻው የተፈጸመበት ቀንና የተመዘገበበት ቀን ለየብቻ ይጻፋሉ። ኒካሑ በ2013፣ ምዝገባው በ2015 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል። ፎርሙ ላይ የሚሞላው ቀን ከተያያዘው የምስክር ወረቀት ጋር መስማማት አለበት። ኒካሑ ቀድሞ መታሰሩም ምስጢር አይደለም፤ ሲጠየቅ «ኒካሑ በዚህ ቀን በወኪል ታሰረ፤ ባለቤቴ በዚህ ቀን መጥቶ አብረን አስመዘገብን» ማለት ነው። የሁለት ቀን ታሪክ መኖሩ አያስጥልም። ሚስት አንዱን ቀን፣ ባል ሌላውን ሲናገሩና ምክንያቱን ማንም ሳያስረዳ ሲቀር ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ወረቀቱን ያላነበበች ተፈታኝ

አሜሪካ ያለው ባል አይ-130 የተባለውን ማመልከቻ ሲሞላ ብዙ ጊዜ የሚረዳው ጓደኛ ወይም የአክስት ልጅ ነው። ሚስት ፎርሙን አይታው አታውቅም። በኋላ ዲኤስ-260 የተባለውን የኢንተርኔት ፎርም በእርሷ ስም የሚሞላላት ሌላ ሰው ነው። ጠያቂው ኦፊሰር ፊት ግን ሁለቱም ተዘርግተዋል። እርሱ የሚያየው በወረቀቱና በአፏ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከማንኛውም «የጥያቄዎች ዝርዝር» በፊት እነዚህን ሁለት ፎርሞች ባልየው ይላክላት፣ የሚገባት ቋንቋ ተተርጉሞ ይነበብላት፣ ስህተት ካለ ከቀጠሮው በፊት ወይም በዕለቱ መጀመሪያ ላይ «ይህ ቦታ በስህተት ተሞልቷል» ብላ ታስታውቅ።

ስህተት የሚበዛው የት እንደሆነ የታወቀ ነው። አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። ከእኛ ወደ ፈረንጅ ሲቀየር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይጨመራል። ይህን የሳተ ሰው የልደት ወይም የኒካሕ ቀንን በአንድ ዓመት ያዛባል። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም የመስጂድ ወረቀት ላይ የሂጅራ ቀን ካለ ሦስተኛ አቆጣጠር ተጨመረ ማለት ነው። ሦስቱንም በአንድ ወረቀት ላይ አስተያይቶ መጻፍ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሌላው ስም ነው። ሙሐመድ የሚለው ስም በፈረንጅ ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ መቁጠር ያታክታል፤ የአባት ስም በልደት ካርድ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርት ሌላ ከሆነ ማስተካከያ ወይም የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። ወደ ሳዑዲ፣ ኩዌት ወይም ቤይሩት ለሥራ የሄዱ ብዙ እህቶቻችን ፓስፖርት ሲያወጡ ዕድሜ ተጨምሮላቸዋል፤ አንዳንዶቹ በሌላ ስም ሄደዋል። ከዓመታት በኋላ ትክክለኛው ዕድሜ ያለበት ፓስፖርት አውጥተው ለቪዛ ሲቀርቡ «ሌላ ስም ወይም ሌላ ፓስፖርት ኖሮሽ ያውቃል?» ለሚለው ጥያቄ ደላላው «የለም በዪ» ይላቸዋል። ይህ ከባድ ጥፋት ነው። ድሮ የደረሰባትን ነገር በግልጽ መናገር አብዛኛውን ጊዜ ማብራሪያና ተጨማሪ ሰነድ ያስጠይቃል። ደብቃ ብትያዝ ግን ጉዳዩ የዕድሜ መሆኑ ቀርቶ የማታለል ይሆናል። እዚህ ላይ የሕግ ባለሙያ ማማከር የሚገባ ወጪ ነው። በዚያው ላይ 16 ዓመት ከሞላት በኋላ በአንድ አገር 12 ወርና ከዚያ በላይ የኖረች ሴት ከዚያ አገር የፖሊስ ማስረጃ ትጠየቃለች። ከዓረብ አገር ከወጡ በኋላ ይህን ማግኘት ጊዜ ስለሚወስድ ቀጠሮ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም።

የቀድሞ ትዳርም አለ። በአፍ የተሰጠ ጦላቅ በሸሪዓ ፍችን ያስገኛል፤ ኤምባሲው ግን የሚያየው ሰነድ ነው። ከሁለት አንዳቸው ቀደም ሲል አግብተው ከነበረ ፍችው በፍርድ ቤት ተረጋግጦ ወረቀቱ መውጣት አለበት፤ በሁለቱ ወገኖች ፈቃድ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ይህን ማድረግ ይችላል። የፍችው ቀን ከአዲሱ ጋብቻ ቀን መቅደም አለበት። ለእኛ ደግሞ የዒዳው ጊዜ መጠበቁም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቀኖቹ ሲቀራረቡ በዲንም በወረቀትም ጥያቄ ያስነሳሉ።

ገንዘብ ነክ ጉዳዩን ባጭሩ ልለፈው፣ የባል ሥራ ነውና። ባል አይ-864 በተባለው ፎርም ስፖንሰር ይሆናል፤ ገቢው ለቤተሰቡ ቁጥር ከተቀመጠው የድህነት መስፈርት ቢያንስ 125 በመቶ መሆን አለበት። ታክሲ የሚነዱ ወንድሞች ብዙ ሠርተው ለግብር ያሳወቁት ግን ጥቂት ሲሆን እዚህ ላይ ይያዛሉ። ያን ጊዜ ሌላ ተባባሪ ስፖንሰር ያስፈልጋል።

መስኮቱ ፊት

ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ስለዚህ «ፎቶው ስልኬ ውስጥ አለ» የሚባል ነገር የለም። የዋትስአፕና የኢሞ ንግግሮች፣ የጥሪ ዝርዝሮች፣ ባል ገንዘብ የላከባቸው ደረሰኞች፣ ፎቶዎች ሁሉ ታትመው ይያዙ። ሺሕ ገጽ አያስፈልግም፤ ከየጊዜው ጥቂት ጥቂት ተመርጦ ቀኑ ይጻፍበት። ብዙ እህቶች የሚጨነቁበት የፎቶ ጉዳይ ነው። ያለ ሒጃብ የተነሡትን ወይም የባልና ሚስት የግል ፎቶ ለባዕድ ሰው ማሳየት ግዴታ አይደለም። ከባል፣ ከእናት ከአባቱ፣ ከወንድሞቿ ጋር በሥርዓት ለብሳ የተነሣችው ይበቃል፤ እንዲያውም ቤተሰብ ያለበት ፎቶ ከብቻቸው ፎቶ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ለቪዛው የሚነሣው ጉርድ ፎቶም በሃይማኖት ምክንያት ዘወትር የሚለበስ ሒጃብ ይፈቀድበታል፤ ፊት ሙሉ በሙሉ መታየት አለበት።

ኒቃብ የምትለብስ እህት ማንነቷ እንዲረጋገጥ ፊቷን መግለጥ ይኖርባታል። ለሴት ሠራተኛ እንዲሆንላት በትሕትና መጠየቅ ትችላለች። ባይሳካም ለምስክርነትና መሰል አስፈላጊ ጉዳይ ፊት መግለጥን የፊቅህ ሊቃውንት የፈቀዱት ነው፤ ሰው በሞላበት አዳራሽ መስኮት ፊት መቆምም ኸልዋ አይደለም።

ከጥያቄው በፊት ቀኝ እጅ አንሥቶ እውነት ለመናገር መማል አለ። መማል የሚከብዳት «አረጋግጣለሁ» ማለት ትችላለች፤ አሠራራቸው ሁለቱንም ይቀበላል። በአማርኛ መመለስ ይቻላል፤ አስተርጓሚ አለ። አስተርጓሚ ባለበት አጭር ዓረፍተ ነገር ይመረጣል። አንድ ቃል ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መህር። አስተርጓሚው «ጥሎሽ» ብሎ ሊይዘው፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ «ዳውሪ» ሊለው ይችላል። በዚያ ቋንቋ ደግሞ ቃሉ የሙሽሪት ቤተሰብ ለሙሽራው የሚሰጠውን ያመለክታል። እንዲህ ሆኖ «ቤተሰብሽ ለባልሽ ስንት ከፈለ?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ አትደንግጡ። «መህር ባል ለሚስት የሚሰጠው የእርሷ የራሷ ሀብት ነው፤ ይህን ያህል ነበር፤ ይህን ያህሉ ተሰጥቶኛል፣ ይህን ያህሉ ቀርቷል» ብላችሁ አስረዱ።

ጥያቄዎቹ ራሳቸው ከባድ አይደሉም። ማን አስተዋወቃችሁ? ኒካሑ ላይ እነማን ነበሩ? ባልሽ ምን ይሠራል? ከማን ጋር ይኖራል? ስንት ጊዜ መጣ? ቀድሞ አግብቶ ነበር? «ለምን እርሱን መረጥሽ?» የሚለው አንዳንዶችን ያሳፍራል። «ቤተሰቦቼ ስለ ዲኑና ስለ ጠባዩ አጠያይቀው ደስ አላቸው፤ እኔም አነጋግሬው ወደድኩት» የሚል መልስ እውነት ከሆነ በቂ ነው። «ፍቅር» የጀመረው ከኒካሕ በኋላ ከሆነ ከኒካሕ በኋላ ነው ይባል። ለጋብቻ በፊት ሦስት ዓመት ጓደኝነት መፍጠር አያስፈልግም። የማታውቁትን «አላውቀውም» ማለት መልስ ነው፤ ባል ሥራ ቀይሮ የድርጅቱን ስም ካልነገራት የእርሱ ጉድለት እንጂ የትዳሩ ሐሰት ምልክት አይደለም። ሐያእ የተወደደ ባሕርይ ነው፤ ነገር ግን ዓይን ሰብሮ በሹክሹክታ መመለስ በዚያ መስኮት ፊት እንደ መደበቅ ይቆጠራል። ቀና ብሎ፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገር ሐያእን አይቀንስም።

«ለወረቀት ብቻ» የሚባለው

ትዳሩ የሌለ ከሆነስ? ገንዘብ ተከፍሎ «ኒካሑ ለወረቀት ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ እንፋታለን» የሚባልበትን ማለቴ ነው። በአሜሪካ ሕግ ይህ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250 ሺሕ ዶላር ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል ነው። የሐሰት ትዳር ውስጥ መግባቷ የተረጋገጠባት ሰው በኋላ በእውነት ብታገባ እንኳ ባሏ የሚያስገባላት ማመልከቻ አይጸድቅም። በሌላ ጉዳይ ለቪዛ ስትል ወሳኝ ሐሰት የተናገረችም የዕድሜ ልክ ክልከላ ይገጥማታል፤ የምሕረት ማመልከቻ አለ፣ ነገር ግን አሜሪካ ባለው ባል ወይም ወላጅ ላይ እጅግ የከፋ ችግር መድረሱን ማስረዳትን ይጠይቃል።

በዲናችን በኩል ያለው ደግሞ ደላሎቹ የማይነግሩን ነው። ኒካሕና ጦላቅ ቀልድ የላቸውም። ወሊይ፣ ምስክርና ቃል ከተሟሉ «ለወረቀት ነው» ማለት ኒካሑን አያፈርሰውም፤ እህቲቱ በአላህ ዘንድ የሰው ሚስት ናት፣ ሳትፈታና ዒዳዋን ሳትጨርስ ሌላ ማግባት አትችልም። በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። ሁለተኛ ሚስት ለማምጣት ሲል የመጀመሪያዋን «በወረቀት ብቻ» የሚፈታ ወንድም አለ፤ የአሜሪካ ሕግ ከአንድ በላይ ጋብቻን አይቀበልምና። ጦላቅ በአንደበቱ ካለ በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ጦላቁ ይጸናል፣ በቀልድም ይሁን ለመንግሥት ወረቀት። ከዚያ በኋላ ያለ መመለስ አብሯት ቢኖር ምን እንደሚሆን ሸይኹን ይጠይቅ።

ከመስኮቱ ሲመለሱ

ኦፊሰሩ በዕለቱ ካጸደቀ ፓስፖርቱን ያስቀራል። ቪዛው የሚያገለግለው ቢበዛ 6 ወር ነው፤ የሕክምና ምርመራው ቀን ደግሞ ሊያሳጥረው ይችላል። ስለዚህ ምርመራው በጣም ቀድሞ አይደረግ። «221ጂ» የሚል ቁጥር ያለበት ወረቀት ከሰጠ በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ የጎደለ ሰነድ አለ ወይም ተጨማሪ ማጣራት ይካሄዳል። ወረቀቱ ላይ የተጠየቀውን በተባለው መንገድ ማስገባት ነው። ትዳሩን ከተጠራጠረ ማመልከቻውን ወደ አሜሪካ ይመልሰዋል፤ ያን ጊዜ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ለባል ደብዳቤ ሲጽፍ ቀነ ገደብ ይሰጠዋል። መልሱን ያለ ጠበቃ መጻፍ አልመክርም። ስለ ቪዛ የሚወጡ ገደቦችና መመሪያዎች በየጊዜው ስለሚለወጡም ቀጠሮው ሲቃረብ የኤምባሲውን ገጽ በራሳችሁ ተመልከቱ፤ የደላላ ወሬ አይበቃም።

አሜሪካ ስትገቡ ትዳሩ ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ የሚሰጠው ግሪን ካርድ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት አብረው አይ-751 ያስገባሉ። ስለዚህ የጋራ ኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ ከመጀመሪያው ወር ይጀመር። ለእህቶች ግን አንድ ነገር ጨምሬ ልንገር፣ ጥቂት የማይባሉ ሴቶች አያውቁትምና፤ «ካልፈረምኩልሽ ትባረሪያለሽ» ብሎ ማስፈራራት ሕጋዊ መሠረት የለውም። ትዳሩን በቅን ልቦና የመሠረተች ሴት ባሏ ቢበድላት ወይም ቢፈታት ያለ እርሱ ፊርማ ለብቻዋ ማመልከት ትችላለች። ፓስፖርቷ፣ ግሪን ካርዷና የኒካሕ ወረቀቷ ዋናቸው በእጇ፣ ቅጂያቸው እናቷ ዘንድ ይቀመጥ።